ወላጅ ሠራተኞች ከአለቃ ፊት ሲቀርቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት፣ አንድ ሌሊት ትኩሳቷ 39 ገባ። የምትጠብቃት ልጅ የእናቷ ተዝካር ደርሶ ደንቢያ ሄዳለች። ባለቤቴ ለሥራ መተማ ነው። ሲነጋ በነጠላ ጠቅልዬ፣ ጎንደር ከምንኖርበት ከማራኪ ሰፈር ባጃጅ ያዝኩ። ጤና ጣቢያ ወረፋ ጠበቅሁ፣ መድኃኒቷን ገዛሁ፣ አዘዞ ድረስ ወስጄ እህቴ ጋ አስተኛኋት። መሥሪያ ቤት ስደርስ 5 ሰዓት ተኩል ሆኗል።

አለቃዬ ኮሪደሩ ላይ አገኙኝ። የሆነውን ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አይዞሽ ልጄ፤ እኔም አምስት አሳድጌአለሁ። እግዜር ይማርልሽ» አሉኝ። ከልባቸው ነበር፤ ዛሬም አልጠራጠርም። በወሩ መጨረሻ ግን የግማሽ ቀን ደመወዜ ተቆርጦ፣ የማርፈድ ማስጠንቀቂያም ፋይሌ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእሳቸው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባሁ። እዚያ ያሉት አለቃዬ ልጅ ያልወለዱ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። የልጄን ስም እስክለቅ ድረስ አላወቁትም። ነገር ግን የሚቀጥለው ወር የሥራ ፈረቃ በያዝነው ወር በ25ኛው ቀን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ፈረቃ መለዋወጥ የፈለገ ከባልደረባው ጋር ተስማምቶ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም። እዚያ በቆየሁባቸው አራት ዓመታት በልጅ ምክንያት አንድም ቀን በር ላይ ቆሜ አላለቀስኩም።

ዛሬ እኔም ሰባት ሰው የምመራበት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ከሰባቱ አምስቱ ወላጆች ናቸው። በር ማንኳኳቱንም፣ ሲንኳኳ «ግቡ» ማለቱንም አይቻለሁ። ወላጅ የሆነ ሠራተኛ ከአለቃው ምን ያህል መተሳሰብ ይጠብቅ ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ ከእነዚያ ሁለት አለቆች የተማርኩት ነው፦ የአለቃውን ልብ ከምትጠብቁ አሠራሩን ጠይቁ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ስህተት 1፦ ችግሩን ተናግሮ ጥያቄውን ሳይናገሩ መውጣት

እኛ ዘንድ ለአለቃ ችግር ሲነገር የሚነገረው ታሪኩ ነው። ሌሊቱ እንዴት እንደነበር፣ ልጁ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው፣ ሞግዚቷ ሳትናገር እንዴት ጥላ እንደሄደች። ታሪኩ ሲያልቅ ዝም ይባላል። የሚያዳምጠው ሰው ማዘን እንዳለበት ገብቶታል፤ ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ ግን ማንም አልነገረውም። ስለዚህ በእጁ ያለውን ይሰጣል፤ «አይዞሽ» ይላል። ሠራተኛዋ ተጽናንታ ትወጣለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ችግር ያው ሰዓት ላይ ይመጣል።

ከእኔ ጋር ከሚሠሩት አንዱ የሁለት ልጆች አባት ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱን ሳምንት እያረፈደ መጣ። በጠየቅሁት ቁጥር «እትዬ፣ ቤት ውስጥ ትንሽ ችግር አለ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» ይለኛል። ይቅርታ አደረግሁለት። በአራተኛው ሳምንት ሻይ ጋብዤው ቁጭ ብለን ስናወራ ነገሩ ወጣ። ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት በፈረቃ ነው፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት። የጠዋት ፈረቃ ሲደርሳቸው እሱ ነው የሚያደርሳቸው፤ የትምህርት ቤቱ በር የሚከፈተውና የእኛ ሥራ የሚጀመረው ደግሞ በተመሳሳይ ሰዓት ነው። የሚያስፈልገው በሁለት ሳምንት አንዴ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ነበር። ማታ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ያካክሳል። ይህን ለመወሰን አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም። ሦስት ሳምንት ያባከነው የእሱ ይሉኝታና የእኔ አለመጠየቅ ነው።

ስለዚህ በሩን ከማንኳኳታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጻፉት። ምን ይለወጥልኝ? ከመቼ እስከ መቼ? እኔ በሌለሁበት ሰዓት ሥራውን ማን ይይዘዋል? እንዴት እንደሄደ ተመልሰን የምንነጋገረው መቼ ነው? «ልጄን የምትጠብቅልኝ ልጅ እስክትመለስ፣ እስከ ጥቅምት 15፣ ማክሰኞና ሐሙስ 10 ሰዓት ልውጣ፤ የቀረውን ሂሳብ በማግስቱ ጠዋት ቀድሜ ገብቼ እዘጋለሁ» የሚል ጥያቄ ለአለቃ ቀላል ነው። «እሺ» ወይም «ማክሰኞ ይቻላል፣ ሐሙስ አይቻልም» ይላል። «ተቸግሬያለሁ» ለሚል ሰው ግን ምን ብሎ ይመልሳል?

ሌላም ምክንያት አለ። የእናንተ አለቃ ራሱ አለቃ አለው። በቃል የተነገረ ችግር ወደ ላይ ሲሄድ «እገሊት ትቀራለች፣ ልጅ አላት» ሆኖ ነው የሚደርሰው። በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄ ግን እንዳለ ይሄዳል፤ አለቃችሁ ቢዛወር እንኳ ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ስህተት 2፦ መብትን እንደ ውለታ መለመን

አንዲት ጎረቤቴ አርግዛ ለክትትል ስትሄድ በየወሩ አለቃዋን እየለመነች፣ ለቀረችበት ግማሽ ቀን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት እየገባች ታካክስ ነበር። ስትወልድ ለአለቃዋ የምስጋና ድፎ ዳቦ ልትልክ ነው። ሰው ማመስገን መልካም ነው፤ ነገር ግን የሰጧት የራሷን ነው።

በግል ድርጅት የምትሠሩ ሁሉ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ቢያንስ እናንተን የሚመለከተውን ክፍል አንብቡት። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለሕክምና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች፤ አሠሪው የሐኪም ማስረጃ ሊጠይቃት ይችላል። የወሊድ ፈቃዷ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ነው። ነፍሰ ጡር ሆና ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንድትሠራ፣ ትርፍ ሰዓትም እንድትሠራ አትታዘዝም። በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ውሏ አይቋረጥም። አባት የትዳር ጓደኛው ስትወልድ 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይጠየቃል፤ ይህም በበጀት ዓመት ውስጥ ከ2 ጊዜ አይበልጥም። የቤተሰብ ኃላፊነት ያለበት መሆኑም ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንዳልሆነ አዋጁ በግልጽ ጽፎታል። የመንግሥት ሠራተኞች የምትተዳደሩት በሌላ አዋጅ ነው፤ ቀናቱም ይለያያሉ፤ የሰው ኃይል ክፍላችሁን ጠይቁ።

ይህን የማነሳው ከአለቃ ጋር አንቀጽ እየጠቀሳችሁ እንድትጣሉ አይደለም። መብታችሁን የሆነውን ነገር በልመና ስትወስዱት፣ የአለቃችሁ መተሳሰብ መብታችሁ በሆነው ላይ ያልቅና እውነተኛው ችግር ሲመጣ የሚቀር ነገር ያጣል። «ባለፈው ወር ፈቅጄልሽ የለ?» ትባላላችሁ። የፈቀዱት ግን ሕጉ የፈቀደውን ነበር።

መተሳሰቡ የሚጀምረው ሕጉ ከሚያበቃበት ነው። ለምሳሌ የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛው ራሱ ሲታመም ነው። ልጅ ሲታመም የሚል ፈቃድ የለም። ትኩሳት 39 የገባባት ልጅ እናት ያላት የዓመት ፈቃዷ ወይም ያለ ክፍያ የሚሰጠው ነው። ከአለቃችሁ ሰብአዊነት የምትጠብቁት እዚህ ጋ ነው፤ በስልክ የተነገረችን የዓመት ፈቃድ «ከሦስት ቀን በፊት አላስሞላሽም» ብሎ ወደ ቀሪ እንዳይለውጣት።

ስህተት 3፦ ልጅን ደብቆ በለቅሶ ማመካኘት

ይህን ጎንደር ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። «አክስቴ አርፋለች» ካላችሁ አለቃም ጠባቂም ከመቀመጫው ይነሳል። «ነፍስ ይማር» ይባላል፣ መኪና ይፈለጋል፣ ገንዘብ ይዋጣል። «ልጄ ጉሮሮዋን አሟታል» ካላችሁ ግን «ቤት ሰው የለም እንዴ?» ነው መልሱ። ለቅሶ ክብር አለው፤ የልጅ ሕመም እንደ ሰበብ ይቆጠራል። ስለዚህ ሰው በልጁ ፈንታ የሌለ ለቅሶ ይፈጥራል፣ ወይም ራሱን «አሞኛል» ይላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ጋ ቃል በቃል እውነት ነው። አንድ ጊዜ እኔም «እኔን አሞኛል» ብዬ ቀርቼ፣ ልጄን ታቅፌ ከሆስፒታል ስወጣ ከፒያሳ በታች ከባልደረባዬ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በእውነት ሲያመኝ እንኳ ዓይኗ ላይ ጥርጣሬ አያለሁ። ከተማው ትንሽ ነው። ፒያሳ ያላየው፣ አራዳ ገበያ ያያል።

ከመታፈሩ የሚበልጠው ጉዳት ሌላ ነው። አሥር ወላጆች አሥር ጊዜ «አሞኛል» ብለው ሲቀሩ፣ አለቃው የሚያየው ሕመምተኛ የበዛበት መሥሪያ ቤት ነው። ልጆች በክረምት መውጫ ጉንፋን ሲይዛቸው ግማሹ ክፍል እንደሚጎድል በፍጹም አያውቅም፤ ስላላወቀም ለመስከረምና ለጥቅምት ተተኪ አያዘጋጅም። እውነቱን ብትናገሩ የመጀመሪያው ፊት ሊከብድ ይችላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን አሠራር ይሆናል።

ስህተት 4፦ ቀድሞ የሚታወቀውን ቀን በዋዜማው መናገር

ትኩሳት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ክትባት ግን ይሰጣል። ሲወለዱ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር፣ በ15 ወር። ልጁ በተወለደ ቀን እነዚህ ሁሉ ይታወቃሉ። እኔ ጋ ግን የክትባት ካርዱን ይዘው የሚመጡት በዕለቱ ጠዋት ነው። ልጁ የ9 ወር ክትባት እንዳለበት ከ9 ወር በፊት የሚታወቅ ነገር ነበር።

የትምህርት ቤት ፈረቃ፣ የምዝገባ ቀን፣ የወላጅ ስብሰባ፣ የፈተና ሳምንት፣ ሞግዚት አገር ቤት የምትሄድበት በዓል፣ እነዚህ ሁሉ ከወር በፊት ይታወቃሉ። ቤት ውስጥ የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀይ ክብ አድርጉባቸው፤ ወሩ ሳይገባም ለአለቃችሁ በአንድ ላይ ስጡት። ሰባቱም ሠራተኞቼ እንዲህ ሲያደርጉ፣ ድንገተኛው በእውነት ድንገተኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስልኩ ሲደወልም ጥያቄ ሳላበዛ «ሂጂ» ማለት እችላለሁ።

ጥምቀትን ለብቻው ላንሳው። ጎንደር ውስጥ በሆቴል፣ በሱቅ፣ በትራንስፖርት፣ በፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው ከጥር 10 እስከ 12 የዓመቱ ትልቁ ሥራው ነው። ከተማው በእንግዳ ይሞላል። በእነዚህ ቀናት ሙሉ ፈቃድ ከጠየቃችሁ አለቃችሁ ቢከለክል ጨካኝ አይደለም። ልጅ ግን ልጅ ናት፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለበት አገር ላይ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ እናቷን ትጠብቃለች። አንዲት የሆቴል ሠራተኛ ወዳጄ ያደረገችው ይኸው ነው፦ ኅዳር ላይ ሄዳ፣ ሦስቱንም ቀን እንደምትሠራ ቃል ገብታ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱበት ሰዓት ብቻ ሁለት ሰዓት ለመነች። ተሰጣት። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ፈረቃው ወጥቷል፤ የእሷ ሁለት ሰዓት ከሌላ ሰው ላይ ይነጠቅ ነበር።

ስህተት 5፦ ነገሩን የእናት ብቻ አድርጎ መቁጠር

ልጅ ሲታመም ስልኩ የሚደወለው ለእናት ነው። የትምህርት ቤቱ ደብተር ላይ የመጀመሪያው ቁጥር የእሷ ነው። አባትየው ምናልባት ከትምህርት ቤቱ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ይሠራል። ብዙ አባቶች ከልጃቸው ጋር የማይቀሩት አለቃቸውን ጠይቀው ስላጡ አይደለም፤ ጠይቀው ስለማያውቁ ነው። «ወንድ ‹ልጄ ታመመብኝ› ብሎ ይቀራል?» ይባላል ብለው ይፈራሉ።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች ያወጣው 156ኛው ስምምነት የሚናገረው ስለ ወንዶችም ስለ ሴቶችም ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም አባት ሲጠይቅ የሚገርመን አለን።

እናንተ አባቶች፣ አንድ ቀን ጠይቁ። ሦስቷን የወሊድ ቀንም ለቡናና ለእንግዳ አታውሏት፤ አራሷ ገንፎዋን የምትበላበትን ጸጥታ ጠብቁላት። እናንተ የማትጠይቁት ቀን ሁሉ ከሚስታችሁ ፋይል ላይ ነው የሚቆረጠው። በሁለት መሥሪያ ቤት ቢከፈል ቀላል የሚሆነው ሸክም በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ ስለሚወድቅ፣ የእሷ አለቃ «እናቶችን መቅጠር ይከብዳል» ብሎ ይደመድማል። እንዲህ ያለ ንግግር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስህተት 6፦ ልጅ የሌለውን ባልደረባ እንደ ተጠባባቂ መቁጠር

ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም እኔም እንደ አለቃ የሠራሁት ስህተት ነው። ከሰባቱ ውስጥ ሁለቱ ልጅ የላቸውም። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ወላጆቹ ባስፈቀዱ ቁጥር የምጠራው እነሱን ነበር። ጨዋዎች ናቸው፤ «እሺ» ይላሉ። አንድ ቀን ከሁለቱ አንዷ ደብዳቤ ይዛ ገባች፤ የሥራ መልቀቂያ ነው። ስንነጋገር የማላውቀውን ነገረችኝ። እናቷ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው የላቸውም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በመጣበት ሌሊት ጀሪካን የምትሞላው እሷ ናት። ጠዋት እናቷን ቁርስ አብልታ ነው የምትወጣው። እኔ ግን «አንቺ እኮ ነፃ ነሽ» እያልኩ ነበር የማስገባት።

ደብዳቤዋን መልሳ ወሰደችው፤ ግን ከዚያ በኋላ አሠራሩን ለወጥሁት። አሁን የሚቀር ሰው የሚተካው በተራ ነው፤ ተራው ወላጅንም ወላጅ ያልሆነንም ይይዛል፤ የሸፈነ ሰው የሸፈነው ሰዓት ተጽፎ ይመለስለታል። ከሠራተኛም የሚጠበቀው ይህ ነው። ባልደረባችሁ ሰኞ ከሸፈነላችሁ፣ ሳይጠይቃችሁ «አርብ እኔ ልያዝልህ» በሉት። የአለቃ መተሳሰብ ከባልደረባ ጀርባ ላይ የሚከፈል ከሆነ ብዙ አይቆይም።

ስህተት 7፦ «አይቻልም»ን ሁሉ እንደ ክፋት መውሰድ

አንዳንድ ሥራ አይጎድልም። የተኝቶ ሕክምና ክፍል ነርስ ተረኛዋ ሳትመጣ ወጥታ መሄድ አትችልም፤ የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው። የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሳጥኑን ሳያስረክብ አይነሳም። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ያላችሁ ወላጆች «ልሂድ» የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው ይከለከላል። የምትጠይቁት ሌላ ነው፦ ፈረቃ ቀድሞ ይታወቅ፣ መለዋወጥ ይፈቀድ፣ ሌሊት ለሌሊት አይደራረብ፣ ከትምህርት ቤት ሲደወል ስልክ ለማንሳት አይከልከል።

የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ከተማ ልጅ ታግቶ ገንዘብ የተጠየቀበትን ዜና ሰምተን ያለቀስን ሰዎች ነን። ልጁን ብቻውን ከትምህርት ቤት እንዲመለስ የሚፈቅድ ወላጅ አሁን ጥቂት ነው። የሚያመጣው ሰው 15 ደቂቃ ከዘገየ ባንክ ያለችው እናት ገንዘብ መቁጠር አትችልም፤ ብትቆጥርም ትሳሳታለች። ስልኳን ከመሳቢያ ውስጥ ቆልፎ «በሥራ ሰዓት አይነካም» የሚል አለቃ፣ ሥርዓት ያስከበረ ቢመስለውም፣ ሥራዋንም አላገኘም።

ስህተት 8፦ አለቆች የምንሠራው

በወንበሩ ላይ ላለን ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ እሱም «እኔም አሳድጌአለሁ» የሚለው ቃል ነው። ስንናገረው ማጽናናታችን ነው። የሚሰማው ሰው ግን «እኔ ችዬዋለሁ፣ አንቺም ቻይው» ብሎ ነው የሚሰማው። ያኔ ያሳደግነው ደግሞ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ባለበት ግቢ ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ዘመዶቿ ወገራ ወይም ደባርቅ ያሉ እናት በዚያ መለኪያ አትለካም።

ሌላው ጡት ማጥባት ነው። ሐኪሞቻችን ሕፃኑ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም አይቅመስ ይላሉ። 90 የሥራ ቀን ግን በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ እናት 15 ሳምንት፣ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ነው። ወተቷ ሳይቆም፣ ሕፃኑም ሌላ ሳይጀምር ትመለሳለች። እዚያ መካከል ያሉት ሁለት ወር ተኩል የማንም አይደሉም። የግል ድርጅቶች በሚተዳደሩበት አዋጅ ውስጥ ለጡት ማጥቢያ የተመደበ ሰዓት የለም። ያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በአለቃዋ እጅ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ስመለስ ወተቴን የማልበው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነበር፤ አንድ እጄ በሩን ይዞ፣ ምክንያቱም መቆለፊያው አይሠራም። ያለብኩትን እደፋዋለሁ። ልጅ የሚበላውን ነገር ከዚያ ቦታ ይዤ ለመውጣት አንጀቴ አልቻለም። በአራተኛው ወሯ የዱቄት ወተት ጀመረች።

ሁለተኛውን ስወልድ ሁለተኛዋ አለቃዬ ጋ ነበርኩ። በተመለስኩ በማግስቱ ጠሩኝና መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ቁልፍ ሰጡኝ፤ ቀይ ክር ታስሮበታል። «የዕቃ ክፍሉ ነው። ከውስጥ ይቆለፋል። 4 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ማንም አይፈልግሽም» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር፣ አንድ ንጹሕ ፎጣ፣ አንድ ክዳን ያለው ጆግ ውሃ ነበር። የታለበ ወተት ከፀሐይ ርቆ፣ ክፍሉ ካልሞቀ፣ ቢበዛ ለአራት ሰዓት ያህል ይቆያል። የ9 ሰዓቱን ማታ ይዤው እገባለሁ፤ የ4 ሰዓቱን ባለቤቴ ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስደዋል። ልጁ 6 ወር እስኪሞላው ከእኔ ጡት ሌላ አልቀመሰም።

ቁልፉን ስመልስላቸው ላመሰግናቸው ቃል ጀመርኩ። «ለሚቀጥለው ይቀመጣል» ብለው መሳቢያው ውስጥ ከተቱት።

የእኔ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ክፍል ገና የለውም። ከሰባቱ አንዷ ጥር መጨረሻ ላይ ከወሊድ ትመለሳለች። በዚህ ሳምንት ከፋይል ክፍሉ የድሮ ደረሰኝ የታጨቀባቸውን ካርቶኖች እያወጣን ነው፤ ቁልፍ ሠሪም ቀጥሬያለሁ፣ መቆለፊያው በውስጥ በኩል እንዲሆን።